ከታንከሩ ጀርባ ያለው ሣጥን

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እታለም? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። የአባባ ጉልበትም ደህና ነው፤ እንዲያውም የዚህ ደብዳቤ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከጉልበታቸው ደህንነት ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ ቦታ እንዳጠረሽ ሁሉ አጠባብቀሽ፣ «ስሜን ያነሳሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ካላነሱ ለእረፍት እንደማትመጪም ጽፈሻል። ሳልመልስልሽ የቆየሁት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። አያነሱም። ሳይፈቅዱልሽ ልታገቢ ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ «የላይኛው ክፍል» ይላሉ እንጂ «የእሷ ክፍል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ይህችኑ ጽፌ ልልክልሽ ስል ነው የሣጥኖቹ ነገር የመጣው።

ከተማችን፣ እንደምታውቂው፣ ሰው የሚያድርባት እንጂ የሚውልባት አይደለችም። ጠዋት ሁሉም ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳል፣ ማታ ደክሞት ይመለሳል። ታሪክ አላት ብሎ የጠረጠራት ሰው አልነበረም። አሁን ግን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጠረጠረች። በየአሮጌው ቦታ ትናንሽ የፕላስቲክ ሣጥኖች ደበቀች፦ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ የተዘጋው ሲኒማ ጋ፣ ጡብ ፋብሪካው በር ላይ፣ ባቡር ጣቢያው ውስጥ። ሰው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ሣጥኑን ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ውስጡ የተቀመጠውን የቦታውን ታሪክ ያነባል፤ ደስ ያለውን ትንሽ ዕቃ ወስዶ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣል። ጨዋታው ይኸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የተከበሩ ጎልማሶች ቁጥቋጦ ውስጥ ሲድሁ ታያለሽ። ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ የጫማ ክራቸውን ማሰር ይጀምራሉ።

ብዙም ሳይቆይ ሣጥኖቹ መሰወር ጀመሩ። ጨርሰው አይጠፉም፤ ከነበሩበት ፈቀቅ ብለው ይገኛሉ። ኃላፊዋ እኛ ቤት ድረስ መጣች። ሌባ ቢሆን ይወስዳል፣ ውሻ ቢሆን ያኝካል፤ ይህ ግን ሣጥኑን አዛውሮ ዙሪያውን ድንጋይ በሥርዓት የሚደረድር ሰው ነው አለችኝ። ይህን ስትል ዓይኗ ከበሩ ጀርባ የተደገፈው የአባባ የቅየሳ ዘንግ ላይ ነበር። ነገሩ ካልቆመ ሣጥኖቹን ሰብስባ ጨዋታውን ልትዘጋው ነው።

አባባ ጡረታ ወጡ እንጂ ቅየሳ አልወጣላቸውም። የሳሎኑን ፎቶ የሚሰቅሉት ዛሬም በውሃ ልክ ነው። ስጠይቃቸው አልካዱም። «ሰረቅኩ እንዴ? አረምኩ እንጂ» አሉኝ። ሰው ሲኒማው ባልነበረበት ቆሞ የሲኒማውን ታሪክ ሲያነብ ዝም ብለው ማየት አልቻሉም።

በማግስቱ ሦስታችንም ዞርን፤ እሷ የድሮ ካርታ ይዛ፣ እሳቸው ሜትሮ ይዘው፣ እኔ ደግሞ ለማስታረቅ። ሲኒማው ላይ አባባ ልክ ነበሩ፤ በሩ በጓሮ በኩል ነበር። እኔም አስታወስኩት፤ በዚያ በር ነበር ካፖርትሽ ሥር ደብቀሽ በነጻ የምታስገቢኝ። አራት እግር ያላት ልጅ መስለሽ ስታልፊ ትኬት ቆራጩ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር፤ ደግ ሰው። ወፍጮ ቤቱ ላይ ግን አባባ አንድ ሙሉ መንገድ ስተዋል። ካርታው ነው የተሳሳተው ብለው ድርቅ አሉ። ኃላፊዋ ከካርታው ግርጌ ያለውን የቀያሹን ፊርማ አሳየቻቸው። የራሳቸው ነው። ጥቂት አዩትና «ያኔ ልጅ ነበርኩ» አሉ።

መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያው ደረስን። ዛሬ ባቡሩ አይቆምበትም፤ እያፏጨ ያልፋል። ሣጥኑ ትኬት መሸጫው መስኮት ሥር ነበር የተደበቀው። አባባ ወስደው ወስደው ከሐዲዱ ማዶ፣ ከአሮጌው የውሃ ታንከር ጀርባ፣ አረም ውስጥ አስቀምጠውታል። ኃላፊዋ ካርታውን ገለባብጣ አየችና እዚህ መቼም ምንም ነገር ኖሮ አያውቅም አለቻቸው። በሳቅ ነው ያለችው፤ ወፍጮ ቤቱን አስታውሳ።

አባባ ሜትሯቸውን ቀስ ብለው ጠቀለሉ።

«ይኼኛው አልተሳሳተም» አሉ። ወደ መንገዱ ሄዱ።

ሣጥኑን ላነሳ ጎንበስ ስል ከሥሩ ችካል አየሁ። ብረት ነው፤ እስከ አናቱ መሬት ገብቷል፤ ዝገቱ የዘንድሮ አይደለም። ልጅ ሆነን ሲነግሩን ትዝ ይልሻል? ቀያሽ ችካል የሚመታው ተመልሶ ለሚመጣበት ነጥብ ነው።

ቀና ብዬ ፊት ለፊቴን አየሁ። ያቺ አግዳሚ ወንበር አሁንም አለች። አንቺ የሄድሽ ዕለት አባባ ሥራ አለብኝ ብለው በጠዋት ዘንጋቸውን ተሸክመው ወጥተው ነበር። አንቺ ሻንጣሽን እግርሽ መሃል ይዘሽ፣ እኔ አሥሬ እየተነሳሁ፣ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ዓይናችን ከመንገዱ አልተነቀለም። ወደ ታንከሩ ማን ያያል? ከወንበሯ ሆኖ ለሚያይ ታንከሩ ታንከር ብቻ ነው። ከታንከሩ ጀርባ ግን ወንበሯ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ የተቀመጠ ሰው ቢያለቅስ እንኳ ይለያል።

ኃላፊዋም ችካሉን አይታዋለች። ካርታዋን አጠፈችና ሌሎቹ ወደ ትክክለኛ ቦታቸው ይመለሱ፣ ይህ ግን ባለበት ይቆይ አለች። ብቻ የዚህን ቦታ ታሪክ ማን ይጽፍልኛል ብላ ጠየቀችኝ። የሚጽፈው ሰው ሩቅ አገር ነው አልኳት።

እና እታለም፣ አሁንም ስምሽን አላነሱም፤ ደስ እንዲልሽ ብዬ አልዋሽሽም። ዛሬ ከሰዓት ግን ውሃ ልካቸውን ይዘው ፎቅ ወጡ። ያ አልከፈት ብሎሽ የነበረው መስኮት ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፈት እየሰማሁ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

የሣጥኑን ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር በደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ደንቡን አትርሺ፤ አንድ ነገር ይወሰዳል፣ አንድ ነገር ይቀመጣል።

ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። ቤትሽን ይባርክልሽ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ካፖርትሽ ሥር የነበረው ታናሽ ወንድምሽ