ስለ በሩ ሰሌዳና ስለ አበባ አጠጪዎቹ ልጆች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ትምህርት ቤቱ አበባ የለመለመ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምሰፋ፣ የአንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪዎ እናት ነኝ። «በትምህርት ጥራት ተሸላሚ» የሚለውን ሰሌዳ በዋናው በር ላይ ተሰቅሎ ባየሁ ጊዜ ደስታውን ብቻዬን መሸከም ስላቃተኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ገምጋሚዎች በመጡ ቁጥር ማንበብ የሚችሉትን ልጆች ከየክፍሉ ለቃቅመው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሰበስቡ፣ የማይችሉትን ደግሞ «አረንጓዴ ክበብ» የሚል ማዕረግ ሰጥተው ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ አበባ እንዲያጠጡ ስለሚያሰማሩልን እናመሰግናለን። ጥራት ማሻሻል ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች ሥራው በአንድ ባልዲ ውሃ እንደሚያልቅ አያውቁም። ልጄ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የክበቡ አባል ናት፤ አንድም ግምገማ አላመለጣትም። ከስፌት መኪናዬ ቀና ባልኩ ቁጥር ባልዲ ተሸክማ አያታለሁ።

ሁለተኛ፦ የመጻሕፍቱን ቁም ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን ከኪስዎ ስለማይለዩ እናመሰግናለን። መጻሕፍቱ የልጅ ጣት ሳይነካቸው ዛሬም አዲስ ናቸው፤ ገምጋሚዎቹም በመስታወቱ አሻግረው አይተው ተደንቀዋል አሉ።

ሦስተኛ፦ ልጄን ፊደል እንደሚያምታታት ልነግርዎ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ «ልጅሽ አትረብሽም፣ አታረፍድም፤ ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ብለው ስላሰናበቱኝ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ዛሬ ግን መልሱ አለኝ። ልጄ ማንበብ አትችልም፤ የጎደለኝ ይኸው ነው፤ ይህንንም ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ባያውቁማ ባልዲ ባላስያዟት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ንዴቴ ከአክብሮቴ እንዳይቀድም ትቼዋለሁ።

በሚቀጥለው ግምገማ እንግዶችዎን በር ላይ ጠብቄ፣ ወደ ክፍሎቹ ከመግባታቸው በፊት አበባዎቹን እንዲጎበኙ ራሴ እመራቸዋለሁ። አበባዎቹ በእውነት ያምራሉ፤ አጠጪዎቹንም ቢያነጋግሯቸው አይጠሉም።

ሰሌዳዎ ከበሩ፣ ቁልፍዎ ከኪስዎ ሳይለይ ብዙ ዘመን እንዲኖሩ ከመመኘት በቀር ሌላ የምትሰጥዎ ስጦታ የሌላት፣

የአበባ አጠጪዋ እናት

ማስታወሻ፦ ይህን የምጨምረው ደብዳቤውን ከሰሌዳዎ ሥር ከለጠፍኩት በኋላ ነው። ልጄ አይታው እንዳታፍር ፈርቼ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከፊቱ ቆማ ብዙ ካየችው በኋላ «እማዬ፣ ይሄኛውም ሽልማት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ፣ የርዕሰ መምህሩ ነው አልኳት።