ስለ ባለቤቴ ግራ እግርና ስለ ፐርማንጋኔት ፈቃድ

ለተከበሩ የመድኃኒት ንጥረ ነገሮች ቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና ይሁን፣ ቁስል የሚባል ነገርም ደጃፍዎን አይርገጥ እያልኩ ከካዛንቺስ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ባለቤቴ ሀብትነሽ የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን፣ የግራ እግሯ ቁስል እየመገለ ስላስቸገረ ሐኪሟ ከሌላው ሕክምና ጋር በፐርማንጋኔት ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። ይህ ውሃን ሐምራዊ የሚያደርግ ዱቄት ድሮ ባምቢስ አካባቢ ካሉ ፋርማሲዎች እንደ ጥጥ ይገዛ ነበር። አሁን ግን ለኮኬይን መሥሪያ ስለሚውል ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሸጥም ተባልን። ሀገርን ስለሚጠብቁ ከልብ እናመሰግናለን፤ ሀብትነሽ በፕላስቲክ ሳፋ ኮኬይን ለማንጠር ምን ያህል ተቃርባ እንደነበር እኛ ቤተሰቦቿ እንኳ አላወቅንም።

አቤቱታዬ እነሆ፦

፩. ማመልከቻ ሳስገባ የሚያውቀኝ ሰው ምስክርነት እንዳመጣ ታዘዝኩ። እኛ ደግሞ ሲጨንቀን የምንሮጠው ወደ እድር ነውና፣ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ምንዳዬ ዱቄቱን እድሩ ተረክቦ ለአባሉ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ጥፋታችን ይኸው ነው።

፪. ማኅተሙን ያዩት ባልደረቦችዎ እድሩን የኬሚካል ነጋዴ አድርገው መዘገቡትና የንግድ ፈቃድና መጋዘን ጠየቁን። መርማሪዎችም የድንኳናችንንና የወንበሮቻችንን ማስቀመጫ ጎብኝተው፣ ደረጃውን አልጠበቀም ብለው በታላቅ ትሕትና አሸጉት። በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን እማማ ጥሩዬ ዐርፈው ለቅሷቸውን ያለ ድንኳን፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን።

፫. እድሩ ይቅርና በራሴ ስም ልጠይቅ ብል፣ አንድ ሰው በሁለት ስም ኬሚካል መፈለጉ አጠራጣሪ ነው ተባልኩ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀብኝ። ቁስሉ ሽታ አምጥቷል። ሰው ሊጠይቃት ሲመጣ ሀብትነሽ እግሯን በነጠላ ትሸፍንና መስኮቱን ክፈቱ ትላለች፤ እኔም ዓይኗን ማየት እያቃተኝ እነሣለሁ። ሐኪሞቹ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም ብለው ለማክሰኞ ቀጥረዋታል፤ እግሯ ከጉልበቷ በታች ይቆረጣል። ይህን የምጽፈው ፈቃዱ ይወጣል ብዬ አይደለም። ያን ተስፋ ትቼዋለሁ።

ለሕግ ያለዎት ታማኝነት እኛን እስኪጨርስ ድረስ ሳይጎድል እንዲዘልቅ የሚመኝልዎ፣
በሁለት ስም የሚጠረጠር አክባሪዎ፣
ኃይለገብርኤል፣ ከካዛንቺስ

ማስታወሻ፦ መርማሪዎችዎ ከማክሰኞ በኋላ ለማጣራት ቤታችን ቢመጡ፣ በማመልከቻው ላይ የተመዘገበውን ግራ እግር አያገኙትም። እባክዎ ደብቀውታል ብለው እንዳይከሱን።