ጨረሩ ከሰማይ፣ እገዳው በሣሩ ላይ

ለክቡር አቶ መኳንንት፣
የጓሳ አፋፍ የጨረር መለኪያ ጣቢያ ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ መንዝ ብርድ የበረታ፣ ቤትዎም እንደ ጣቢያዎ ቆርቆሮ የማያፈስ ይሁንልዎ። እኔ ወዳጆ ትዕዛዙ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ፊደልን በአንድ ሳምንት የጨረስኩ፣ በመንደራችን በቀየት ዙሪያ አቻ ያልተገኘልኝ ጸሐፊ ነኝ። ሳምንቱ እርግጥ ክረምትና በጋ ነበረው፤ ጸሐፊነቱ ግን እንዳለ ነው። ይህንን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው።

አንደኛ፣ በድንጋይ ውስጥ ያለችውን ደካማ ጨረር እንዲያዳምጥ ያስመጡት መሣሪያ ድንጋይ ሳይቀርብለትም ቀጭ ቀጭ እያለ ቢያስቸግርዎ፣ ጥፋቱን በማጭዳችንና በበጎቻችን ላይ መጣልዎን በአክብሮት ተመልክተናል። አባቶቻችን የጓሳውን ሣር ከልለው፣ ጊዜው ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስነግረው የሚከፍቱት ለቤት ክዳን ነው፤ እርስዎ ግን መሣሪያው ዝም እስኪል እንዳይታጨድ አገዱ። በግ ጨረር እንደሚተፋ ስላስተማሩን እናመሰግናለን፤ እኛ የምናውቀው ለባና፣ ለብርድ ልብሳችን፣ የሚሆን ጠጉር መስጠቱን ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፣ በሚካኤል ዕለት፣ ሣር ይቅርና ጥፍሩን የሚቆርጥ በሌለበት ቀን፣ በጎቹም በረት ሳሉ መሣሪያዎ እንደ ወትሮው ሲቆጥር ዋለ። እርስዎ ግን ይህንን ከእገዳው በፊት የነበረው አጨዳ ርዝራዥ ነው ማለትዎን ሰምተን በጥልቀትዎ ተደንቀናል።

ሦስተኛ፣ ከፋሲካ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጡት ባለሙያ ዶክተር እስከዳር፣ ከመሣሪያው በላይና በታች አንዳንድ ጠፍጣፋ የጨረር መቁጠሪያ አኖሩ። ሦስቱም ባንድ ቅጽበት ሲቆጥሩ፣ ከኅዋ የመነጨ ጨረር ጣሪያውንም መሣሪያው የተቀመጠበትን ወፍራም የእርሳስ ብረት ሣጥንም በስቶ ማለፉ እንደሆነ ሁላችንም ባለንበት አስረዱን። መንዝ ከፍታ ስለሆነ ከበላያችን ያለው አየር ሳስቶ ከቆላው ይልቅ ይበዛብናል አሉ። መድኃኒቱም ሦስቱ አብረው የቆጠሩትን መሰረዝ ነው፤ ያ ካልበቃ መሣሪያውን ከምድር በታች ማውረድ። ስለ እርስዎ ሲጠየቁም እጅግ አስተዋይ ሰው ናቸው ብለው አመሰገኑ።

እርስዎም ምክሩን ሰምተው ወዲያው እርምጃ ወሰዱ፤ የሣሩን ጠባቂዎች ቁጥር ጨመሩ! ጠባቂዎቹ ማጭድ የያዘውን ሲያባርሩ ጨረሩ በቆባቸው ገብቶ በጫማቸው ይወጣል፤ መታወቂያ የጠየቀው ግን የለም።

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩሸዋ፣ ባል የሞተባቸው ሴት፣ ክዳናቸው ተገሽልጦ አራስ ሴት ልጃቸውን ከነሕፃኗ በማያፈሰው ማዕዘን አስተኝተዋል። ሰኔ ደጃችን ቆሟል። ሰማዩም ጨረር ሲልክ እንዳላስፈቀደዎ ሁሉ ዝናብ ሲልክም አያስፈቅድዎትም። ስለዚህ እስከ መጪው ቅዳሜ ገበያ ሣሩን ይክፈቱልን። ካልሆነ እትዬ ጥሩሸዋ፣ አራሷና ሕፃኑ ክረምቱ እስኪያልፍ ከነአልጋቸው እርስዎ ቢሮ ይሰነብታሉ። የሕፃኑን ልቅሶ መሣሪያው ከቆጠረው፣ ለይተው ይሰርዙት።

ከእግርዎ በታች፣ ከጠባቂዎችዎ በታች፣ ከጨረሩም በታች ያለሁ ታዛዥዎ፣
ወዳጆ ትዕዛዙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ሁሉ ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶክተር እስከዳር እርስዎን አስተዋይ ሰው ናቸው አላሉም። ስለ እርስዎ ሲጠየቁ፣ የታገደውን ሣር አይተው ወሬ ቀየሩ። ደብዳቤዬ ያለ አንድ መልካም ቃል እንዳይደርስዎ ብዬ ነው።