በዘምዘም ጠርሙስ የነበረው ውሃ

አባዬ፣ አሰላሙ አለይኩም።

ከተለየኸን ሰባት ወር ሊሞላ ነው። ቀብርህ ዘንድ እየመጣሁ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አንዱን ነገር ልነግርህ ስል ግን አፌ እምቢ ይለኛል። በጽሑፍ ቢቀለኝ ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ያ ሲከፈት ሰፈሩን የሚረብሸው የግቢ በር ተቀይሯል። እህትህ ዘሀራ ከእኔ ጋር መኖር ጀምራለች፤ አልጋህ ላይ እሷ ነች የምትተኛው። እኔ ደግሞ፣ ሳቅብኝ፣ ለከሚሴ ከተማ ምክር ቤት በግል ዕጩነት ቀርቤያለሁ። ፎቶዬ ባጃጁ ሁሉ ላይ ተለጥፏል። አንዱን ዝናብ መትቶት አፍንጫ የሌለኝ ሆኜ ከተማውን እዞራለሁ።

የቦርከናን ወንዝ ውሃ ልመረምር ስወርድ አብረኸኝ ትመጣ ነበር። የናሙና ሳጥኔን ተሸክመህ መንገድ ላይ ላገኘኸው ሁሉ፣ «ይቺን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ልኬ ውሃ ቀጂ ሆና ተመለሰችልኝ» ትል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ወንዙ ዳር ላስቲክ ስንለቅም ግን ከሁላችንም ቀድመህ የምትገኘው አንተ ነበርክ። ልጅነትህ ጨፋ ሜዳ ላይ፣ በዚያች ወንዝ ዳር ስላለፈ እንዲህ ቆሽሻ ማየት አይሆንልህም ነበር።

ሐኪሙ ልብህ እንደደከመ ነግሮን ወደ ቤት በመለሰህ ሳምንት ከወንዙ ናሙና ስቀዳ ጠርሙስ አለቀብኝ። ጎረቤታችን ከዑምራ ያመጣልን ዘምዘም ያለቀበት ትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረና በእሱ ቀዳሁ። ወረቀት ነገ እለጥፍበታለሁ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። የሰፈሩን ልጆች ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ጠርሙስ አትንኩ እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ፣ አባዬ።

በማግስቱ ከዐስር ሰላት በኋላ ደከምክ። ስልክ ልደውል ወጥቼ ስመለስ ሸሃዳህን ጨርሰህ ነበር። ዘሀራ በማንኪያ ውሃ አጠጣችህ። ዋጥክና «ቦርከና» አልክ። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ልጅነቱ ትዝ ብሎት ነው ብሎ አለቀሰ። እኔ ያንን የፍሪጁን ጠርሙስ ዘሀራ እጅ ላይ አየሁት። መንጠቅ ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ጓሮ ይዞኝ ወጣ፤ ግድግዳ ተደግፌ ቆየሁ። ስመለስ ዓይንህን ጨፍነውልህ ነበር።

ውሃው አልገደለህም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ከዚያው ቦታ የቀዳሁትን የሌላውን ናሙና ውጤት አይቻለሁ፤ ለከብት እንኳ የሚሰጥ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው አጠገቤ ውሃ ሲጠጣ የአንተን ጉሮሮ እሰማለሁ። ገበያ መሀል፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ የትም። ስብሰባ ላይ ውሃ ሲያቀርቡልኝ ወደ ጎን አደርገዋለሁ፤ የጾምኩ ይመስላቸዋል።

የባሰብኝ ዘሀራ ናት። ዕጩ ከሆንኩ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረች የምትቀሰቅስልኝ እሷ ናት። «ወላሂ፣ ወንድሜ ዘምዘሙን እንደዋጠ ነው የቦርከናን ስም የጠራው፤ ለልጁ የተወላት አደራ ነው» ትላቸዋለች። ሽማግሌዎቹ አደራሽን ተወጪ እያሉ ይመርቁኛል። እኔ አንገቴን ደፍቼ አሚን እላለሁ። ብዙው ሰው የሚመርጠኝ ለዚያ ቃልህ ብሎ ነው። አንተ ግን አደራ አላልክም፤ ያጠጡህን ውሃ አውቀህ ስሙን ጠራኸው እንጂ።

ትናንት አላስቻለኝም። ዘሀራ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። የምትረግመኝ መስሎኝ ነበር። ቢላዋዋን አስቀምጣ እኔኑ ታጽናናኝ ጀመር። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አልተጸየፈውም እኮ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ እንደገና አፉን ከፈተልኝ። ደገምኩለት፣ ዋጠው» አለችኝ። ይህን ብላ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ሸክሜን ያቀለለችልኝ መስሏት ነበር።

ከውድድሩ አልወጣም። ሐሙስ በትልቁ ስብሰባ ላይ ግን የሆነውን እንደሆነው እነግራቸዋለሁ። አደራ ነው ብለው የመጡ ከፈለጉ ይመለሱ። ዘሀራም አብሬሽ እቆማለሁ ብላኛለች።

አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ አባዬ። የከተማው ሰው ያንን ቃልህን ያስታውስ ይሆናል። እኔ የማልረሳው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ማንኪያ ዘሀራ ሳታውቅ ሰጠችህ። ሁለተኛውን ስትሰጥህ ግን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ጓሮ ቆሞ ነበር።

ልጅህ ፋጡማ