ሊማሊሞን በእግራቸው ያወቁት የአቶ ይግዛው ክንዴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይግዛው ክንዴን በሰው ፊት «አንተ መሪ ይዘህ አይደለም፣ ታኮ ይዘህ ነው የምትሞተው» ብሎ የሰደባቸው ሾፌር አሻግሬ ነው። ቀኑ ጥር 13 ቀን 1944 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ማግሥት፣ ቦታውም ደባርቅ ላይ ጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ ነበር። በቦታው የነበሩ ሾፌሮች በሙሉ ስቀዋል። አሻግሬ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ልጆቹ ግን እዚህ ለቅሶ ላይ ስላሉ፣ ተረስቷል እንዳይሉ ከዚህ ተጽፏል።

አቶ ይግዛው ከአባታቸው ከአቶ ክንዴ ሀብተ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተ ማርያም ሚያዝያ 23 ቀን 1912 ዓ.ም. በዳባት አካባቢ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ገብረ ኪዳን ይባላል። ለአቅመ ትምህርት ሲደርሱ የኔታ ዘንድ ገብተው ፊደል ቆጠሩ፤ ዳዊት ሳይደግሙ ግን አባታቸው «በሬ የሚጠምድልኝ ሰው አጣሁ» ብለው አስወጧቸው። ታላቅ ወንድማቸው እንዲማር ተትቷል። እሳቸው ለምን እንደተመረጡ እስከ ዛሬ ያስረዳ የለም።

በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን የሊማሊሞን ገደል አስቆርጦ መንገድ ሲያወጣ ድንጋይ ፈላጭ ሆነው ገቡ። የመጀመሪያው ጭነት መኪና በዚያ ጠመዝማዛ ሲወርድ ሠራተኛው ሁሉ ጎማውን ሲያይ እሳቸው መሪ የጨበጠውን ሰው እጅ አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምኞታቸው አንድ ብቻ ሆነ፤ መሪውን ራሳቸው ይዘው የጭነት መኪና ከደባርቅ በሊማሊሞ እስከ ዛሪማ ማውረድ። ሌላ ነገር አልተመኙም።

በ1935 ዓ.ም. የሾፌር አሻግሬ ረዳት ሆኑ። የረዳት ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ መኪናው ሊማሊሞን ሲወጣ ረዳቱ ታኮውን ተሸክሞ ከኋላ ጎማ ጎን በእግሩ ይሄዳል፤ ሞተሩ ሲደክምና መኪናው ወደ ኋላ ሲል እንጨቱን ከጎማው ሥር ይወትፋል። ከመነሳት በፊት መኪናውን ዞሮ ጎማውን የሚመታ፣ ሸራውን ገልጦ ጭነቱን የሚያይ እሱ ነው። አቶ ይግዛው ይህን ሠላሳ ሁለት ዓመት ሠሩ። እያንዳንዱን መታጠፊያ፣ በየትኛው ማርሽ እንደሚወረድ፣ የትኛው ጋ ፍሬን መርገጥ ሞት እንደሆነ በእግራቸው አወቁት። ረዳት መንዳት የሚማረው ሾፌሩ ምሳ ሲበላ መኪናውን ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ ነው። አሻግሬ ግን ምሳ ሲገባ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይገባ ነበር። ያን ጥር 13 ቀን የተሰደቡትም «ጋሽዬ፣ ዛሬስ እስቲ ቁልፉን ይተዉልኝ» ስላሉ ብቻ ነው።

በ1940 ዓ.ም. ከወ/ሮ ጤናዬ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ስጦታንና ፋንታዬን ወልደዋል። ወ/ሮ ጤናዬ ባላቸው ዛሬ ይተዋል፣ ነገ ይተዋል ሲሉ አረጁ።

በ1967 ዓ.ም. ለውጥ ሲመጣ የመኪናው ባለቤት ንብረት ተወርሶ አቶ ይግዛው ከሥራ ወጡ። የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ። በደባርቅ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነው፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማንበብና መጻፍ ጨረሱ። የምስክር ወረቀቱን ይዘው ለመንጃ ፈቃድ ፈተና ወደ ጎንደር ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ሲጠይቁ የቀበሌው ሊቀ መንበር ዋሴ ሁለት ጊዜ ከለከላቸው። በሦስተኛው፣ በስብሰባ መሐል፣ «ጓድ ሽማግሌ፣ መንጃ ፈቃዱ ለምንዎ ነው? የሬሳ ሳጥንዎን ሊነዱበት ነው?» አላቸው። ሕዝቡ ሳቀ። የሳቁትን አቶ ይግዛው በስም ያውቋቸው ነበር። ዋሴ ግን ስቆ ሲጨርስ ወረቀቱን ፈረመ፤ ሳቁ ባይሞላለት አይፈርምም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ጎንደር ላይ መንዳት ተለማምደው፣ ፈተናውን አልፈው መንጃ ፈቃድ አወጡ። በላስቲክ ጠቅልለው በደረት ኪሳቸው ያዙት። መኪና ግን ማን ይስጣቸው! የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መኪና ሲመጣለት ለሌላ ሰጠው። ሊማሊሞም በጦርነቱ ምክንያት በወታደር እጀባ ካልሆነ የማይወረድበት፣ ከኬላው ወዲያ ያለ ወረቀት የማይታለፍበት ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማለዳ ማለዳ ኬላው ጋ ቆመው የሚወርዱትን መኪኖች ሲያዩ ኖሩ። ዘቦቹ «አባባ፣ ዛሬስ አይወርዱም?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አጣሞ ስለሚያወራው፣ እንደሆነው ይነገራል።

ኅዳር 11 ቀን 1981 ዓ.ም. እሑድ ጧት ከእጀባው መኪኖች የአንዱ ሾፌር በወባ ወደቀ። አንድ የመቶ አለቃ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ዘቦቹ እየሳቁ አቶ ይግዛውን አመጡለት። የመቶ አለቃው መንጃ ፈቃዱን አገላብጦ አየና «ጭነቱ ስንቅ ነው፣ ዛሪማ ያድርሱልኝ» ብሎ ቁልፉን በእጃቸው አኖረው። አቶ ይግዛው ጋቢና ገብተው ሞተሩን አስነሱ። ወ/ሮ ጤናዬ ከመንገዱ ዳር ሆነው እልል ብለዋል፤ የሰማ ብዙ ነው።

ሾፌር ሆኖ ያደገ ሰው ቢሆን ያን ጊዜውኑ ይነዳው ነበር። እሳቸው ግን የሠላሳ ሁለት ዓመት ልማድ ይዟቸው ወረዱ፤ ዞረው ጎማውን መቱ፣ ሸራውን ገለጡ። ስንቅ የለም። ትናንት ከዳባት ገበያ የታፈሱ ሃያ ሦስት ገበሬዎች፣ ለግንባር ጥይት እንዲሸከሙ ተጭነው ተቀምጠዋል። ከፊት የተቀመጠው የትውልድ መንደራቸው ሰው ውዱ ነበር። ሊሸጣት ያወጣትን ዶሮ እንዳቀፈ ነው።

«አያ ይግዛው!» አለ ውዱ። «እርስዎ ነዎት የሚያወርዱን? እሰይ! በሉ አትፍሩ ጎበዝ፣ በሰዋችን እጅ ገብተናል።»

አቶ ይግዛው ሸራውን መለሱት። ወደ ጋቢናው ተመልሰው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱና ቁልፉን ለመቶ አለቃው ዘረጉ።

«ምነው አባባ፣ ፈሩ?»

«ይህን ጭነት አላወርድም» አሉት።

ፈርተው አይደለም። ፈርተው ነው የሚል ሰው ካለ ወ/ሮ ጤናዬ ፊት ቆሞ ይናገር።

መኪናውን አንድ ወታደር ነዳው። መንገዱን አያውቅም፤ ማርሽ ሳይቀንስ በፍሬን ብቻ ወረደ። ፍሬኑ ግሎ እምቢ አለውና አራተኛው መታጠፊያ ላይ ገደል ገባ። አሥራ አራት ሰው ሞተ፤ ውዱ አንዱ ነው። አቶ ይግዛው መንጃ ፈቃዳቸውን ተቀምተው አራት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ደግሞ ሌላ እስር ጠበቃቸው። የዳባት ሰው «ቢነዳው ኖሮ አይሞቱም ነበር» አለ። የደባርቅ ሰው «ኩራቱ ነው የፈጃቸው» አለ። ይህን ያላችሁ ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቃችሁ ቆማችኋል። ነድተው ቢያወርዷቸው ኖሮ ደግሞ «ወንድሞቹን ለጥይት አስረከበ» የምትሏቸው እናንተው ነበራችሁ።

አቶ ይግዛው ከእስር ባመጡት የሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ተሰቃይተው፣ ሰኔ 4 ቀን 1983 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ቀብራቸውም ዛሬ በማግሥቱ በደባርቅ ይፈጸማል። ባለቤታቸው ወ/ሮ ጤናዬ፣ ልጆቻቸው ስጦታና ፋንታዬ፣ ሰባት የልጅ ልጆችም ቀርተዋቸዋል። በምድር ኬላ ቢዘጋባቸውም አምላክ በሰማይ በሩን ይክፈትላቸው፤ ገብረ ኪዳን ብሎ በስማቸው ይጥራቸው።

አንድ ነገር ቀርቷል። የውዱ ሙት ዓመት ኅዳር 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ሲታሰብ፣ አይሂዱ ቢባሉ እምቢ ብለው በዱላ ተደግፈው ሄደው ነበር። የሰደባቸው የለም። ከድንኳኑ ጥግ፣ ከሰው ሁሉ በታች ተቀመጡ። ምግብ ቀርቦ ሳለ የውዱ ባለቤት ወ/ሮ በለጠች ከፊታቸው መጥታ በርከክ አለች። ከመኪናው የተረፉት ሰዎች ውዱ «በሰዋችን እጅ ገብተናል» ብሎ እንደነበር ነግረዋታል። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም።

«አያ ይግዛው፣ ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም» አለች። «ከጋቢናው ሲወርዱ ውዱ አይቶዎታል?»

አቶ ይግዛው ያነሱትን ጉርሻ ከገበታው መለሱ። ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ። ለወ/ሮ በለጠች ዝቅ ብለው እጅ ነሷት፣ ከድንኳኑም ወጥተው ሄዱ።