የራሴን ቢዶን ከባንክ ኋላ ተሰልፌ ስለ መጠየቄ

ለክቡር ጓድ አምደሚካኤል፣
የከሠረው የኦሎምፒያው ኬክ ቤት ንብረት አጣሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ፈለቀች ወልደጊዮርጊስ ከገርጂ ለኬክ ቤቱ ወተት ሳቀርብ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቱ አቶ ዓለምሰገድ ዕዳ ሲበዛባቸው በሩን ዘግተው ስለጠፉ፣ ንብረቱን ሸጠው ለገንዘብ ጠያቂዎች እንዲያከፋፍሉ ፍርድ ቤት እርስዎን ሾመልን።

1ኛ/ ያልተከፈለኝን የወተት ዋጋ ስጠይቅ፣ መጀመሪያ የሠራተኞች ደመወዝ፣ ቀጥሎ የመንግሥት ግብር፣ ከዚያም መጋገሪያውን በመያዣ የያዘው ባንክ እንደሚቀድሙ፣ እኔና ስኳር አቅራቢው አቶ አብዱልጀባር ግን የተረፈ ካለ እንደምንካፈል በትዕግሥት አስረዱኝ። አስተናጋጇ ጥሩነሽ ልጆች አሏትና ስለቀደመችኝ ቅር አላለኝም።

2ኛ/ ኬክ ቤቱ ሲታሸግ ሁለት የወተት ቢዶኖቼ ውስጥ ቀሩ። «ስሜ በምስማር ተጽፎባቸዋል፤ እነዚህ ብድር አይደሉም፣ የራሴ ዕቃ ናቸው» ብልዎ፣ «ወይዘሮ፣ ተራዎን ይጠብቁ!» አሉኝ። ላሞቼ ግን የሕጉን ቅደም ተከተል ስላልተማሩ በየጠዋቱ መታለባቸውን ቀጠሉ፤ ወተቱንም ማመላለሻ አጥቼ ለጎረቤት ሳድል ከረምኩ። ጎረቤቶቼ እጅግ ያመሰግኑዎታል።

3ኛ/ በጨረታው ዕለት ቢዶኖቼን ለሽያጭ አቀረቡልኝ። እኔ እያፈርኩ አንድ ብር ስጠራ አቶ አብዱልጀባር ተነሥተው «የሴትዮዋን ዕቃ የሚሻማት አለ?» ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ። ተጫራቾቹ ሁሉ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እርስዎ ዋጋ እንዲጨመር ሦስት ጊዜ ቢለምኑም፣ ቢዶኖቼን በአንድ ብር ገዝቼ፣ አንዱን አቶ አብዱልጀባር አንዱን ጥሩነሽ ተሸክመውልኝ እየሳቅን ወጣን። ያቺ ብር ባንኩን ከችግር እንደምታወጣው ተስፋ አለኝ።

በመጨረሻም ሠራተኞቹ ደመወዛቸውን፣ መንግሥት ግብሩን፣ ባንኩ መጋገሪያውን አገኙ። ለእኔና ለአቶ አብዱልጀባር «ቀሪ ሒሳብ የለም» የሚል፣ ባማረ ፊርማዎ የተዋበ ወረቀት ደረሰን። እንዲህ ያለ ፊርማ በነፃ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በሁሉም ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆማ የምታከብርዎ፣
ፈለቀች ወልደጊዮርጊስ፣
የሁለት ቢዶኖች ሕጋዊ ገዢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የኬክ ቤቱ ባለዕዳዎች ቀርበው እንዲከፍሉ ያወጡትን ማስታወቂያ አነበብኩ። ለሴት ልጅዎ ሠርግ የታዘዘው ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ዋጋው እስከ ዛሬ አልተከፈለም፤ ወተቱን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ዱቤውን የመዘገበችው ደግሞ ጥሩነሽ ናትና አውቃለሁ። ክቡርነትዎ አይጨነቁ፤ ለመክፈል ተራ መጠበቅ አያስፈልግም።