ሀያት ያገኘችው ብረት
እሑድ፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከሚሴ



ከልጄ ከሀያት ጋር ኮምፒውተር ላይ የምንጫወተው ጌም አለ። የተደበቁ የወርቅ ዕንቁላሎችን መፈለግ ነው። ሚስቴ ዘሀራ «ምኑ ነው ደስ የሚለው?» ትለናለች። እኔ ግን ሀያት አንዱን ስታገኝ በደስታ ስትዘል ማየት እወዳለሁ። «ሰው የማያይበት ቦታ ፈልጊ» እላታለሁ።

ዛሬ ከሰዓት ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው የአያቷ ማሳ ስትመለስ በሻርፗ የጠቀለለችውን ነገር አቅፋ፣ «አባ፣ የእውነቱን አገኘሁ!» አለችኝ። ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። የዛገ የእጅ ቦምብ ነው። የድሮ ወታደር የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ከአጥሩ ማዶ አይተው፣ «ሱታ! ሱታ! ልጄ፣ ቀስ ብለሽ መሬት ላይ አድርጊው!» አሏት። እሷም እንዳሏት አደረገች። አፈፍ አድርጌ ይዣት ወደ አስፋልቱ ሮጥኩ። ፖሊሶች መጥተው የሰፈሩን ሰው ካራቁ በኋላ ወሰዱት።

ቤት ገብተን ዘሀራ «ያ ረቢ!» እያለች ስታለቅስ፣ ሀያት እጄን ያዝ አድርጋ፣ «አባ፣ ሁለት ነበሩ እኮ። አንዱን ለመርየም ሰጠኋት» አለችኝ።

የጓደኛዋ የመርየም ቤት ተቆልፏል። ጎረቤቶቿ «ለሠርግ ጨፋ ሮቢት ሄደዋል» አሉኝ። የአባቷ ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። ለፖሊሶቹ ነግሬያቸው በመኪና ተከትለዋቸው ሄደዋል። እስካሁን ወሬ የለም። በመንገዱ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ።